ለካፒታልስ አስተዳደር፦ በገና ሰሞን አንድ ጨዋታ በአማርኛ አሰሙን

ለዋሽንግተን ካፒታልስ የአይስ ሆኪ ቡድን አስተዳደር
ለሞኑመንታል ስፖርትስ የቴሌቪዥን ክፍል
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ

ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በመጪው የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ በአማርኛ እንዲተላለፍልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቡድናችን ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ዘንድሮው የውድድር ዘመን ላመስግናችሁ። ዋንጫው አልመጣም። ካሮላይና ሃሪኬንስ በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር ከአምስት ጨዋታ አራቱን ወስዶ፣ 4 ለ 1 ረትቶ ሸኝቶናል። በአምስተኛው ጨዋታ፣ እዚሁ በሜዳችን፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር አንድሬ ስቬችኒኮቭ ያስቆጠራት ጎል እስካሁን ታንገበግበኛለች። ያም ሆኖ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሳያችሁን ነገር በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

አምና የት እንደነበርን እናስታውስ። ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉ) የገባነው በመጨረሻው ጨዋታ፣ በጭንቅ ነበር። ገብተንም ኒውዮርክ ሬንጀርስ 4 ለ 0 ጠራርጎ አስወጣን። ዘንድሮ ከእኛ ብዙ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን የእረፍቱን ወራት በሥራ አሳለፋችሁ። ሎጋን ቶምፕሰንን ከቬጋስ፣ ፒየር ሉክ ዱብዋን ከሎስ አንጀለስ፣ ጄኮብ ቺክረንን ከኦታዋ አመጣችሁ። ውጤቱም 51 ድል፣ 111 ነጥብና ከምሥራቁ ኮንፈረንስ አንደኝነት ሆነ። ቶም ዊልሰን 33 ጎል አገባ። ቁመተ ሎጋው የቤላሩስ ልጅ አሌክሴይ ፕሮታስ 30 አገባ። አሠልጣኛችን ስፔንሰር ካርበሪ የሊጉ፣ የኤንኤችኤል፣ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። ሲያንሰው ነው።

ቡድኑ ይህን ሁሉ የሠራው 50ኛ ዓመቱን ባከበረበት ጊዜ መሆኑ ደግሞ ለእኔ ልዩ ትርጉም አለው። በ1974 እና 75 የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ካፒታልስ ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8ቱን ብቻ ነበር። 67 ጊዜ ተሸንፏል። ከዚያ ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀላል መንገድ አይደለም።

ስለ ኦቪም ሳልናገር አላልፍም። አሌክስ ኦቬችኪን ኖቬምበር 18 ቀን በዩታ ሜዳ ላይ ከአንድ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ የግራ እግሩ አጥንት ሲሰበር 18 ጨዋታ ተጫውቶ 15 ጎል አግብቶ ነበር። ዕድሜው 39 ነበር። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የተሰበረ ተጫዋች በዚያው ዓመት ተመልሶ ይህን ያህል ይሠራል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እሱ 16 ጨዋታ ብቻ አምልጦት ዲሴምበር 28 ቀን ቶሮንቶ ላይ ተመለሰ። በተመለሰበት ቀንም ጎል አገባ። ዓመቱን በ65 ጨዋታ በ44 ጎል ጨረሰ። ይህ ሰው በ2005 ከሞስኮ ሲመጣ እንግሊዝኛ በቅጡ አይናገርም ነበር። 20 ዓመት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ማልያ ኖሯል። ዛሬም ሲናገር ከየት እንደመጣ አነጋገሩ ይመሰክራል። ከተማውም ከነአነጋገሩ ይወደዋል። እኛ ስደተኞች እሱን ስናይ ደስ የሚለን ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

ኤፕሪል 6 እሑድ ነበር። ለእኛ የኒቆዲሞስ ሰንበት ነው፤ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጨዋታው ኒውዮርክ ላይ ከአይላንደርስ ጋር በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጣል። አንድ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ፣ ነጠላው ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ስልኩን የአባቱ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፎ ጨዋታውን ያያል። እኔም ጠጋ አልኩ። ሌሎች ልጆችም ተሰበሰቡ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ካፒታልስ በሰው ብልጫ እየተጫወተ ነው። ቶም ዊልሰን ፓኩን፣ ማለትም በኳስ ፈንታ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከወዲያ ወዲህ አሻገረ። ኦቪ ከሚታወቅበት ቦታ፣ ከግራው ክብ ላይ፣ ሳያቆም መታው። በረኛው ኢልያ ሶሮኪን ሊደርስበት አልቻለም። ኦቪ በደረቱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ።

ያች በሊጉ ያገባት 895ኛዋ ጎል ነበረች። የካናዳዊው የዌይን ግሬትስኪ 894 ጎል ከ1999 ጀምሮ ማንም ሳይነካው የኖረ ክብረ ወሰን ነበር። ግሬትስኪ ያን ሁሉ ያገባው በ1,487 ጨዋታ ነበር። ኦቪም ክብረ ወሰኑን የሰበረው በ1,487ኛ ጨዋታው ነው። ግሬትስኪ ራሱ እዚያው ነበር፤ በረዶው ላይ ወርዶ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ልጆቹ ጮኹ። አባትየው ከሰላምታው ዞር ብሎ መጣ።

«ምን ሆነ?»

«አባዬ ሰበረው! የግሬትስኪን!»

«ማነው ግሬትስኪ? ምኑን ነው የሰበረው?»

ልጁ መጀመሪያ በአማርኛ ሞከረ። ቃላቱ አለቁበት። ወደ እንግሊዝኛ ዞረና በጥድፊያ ስለ ጎል ብዛት፣ ስለ ሰው ብልጫው፣ ስለ ካናዳዊው ሰውዬ ሊያስረዳ ሞከረ። አባት አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ እንዳልገባው ፊቱ ያሳብቃል። ልጁም አየው። «ተወው በቃ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። አባትየው ትንሽ ቆመ። ምናልባት አንድ ነገር ይገባኛል ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ «ተወው በቃ» ነው።

ልጆቻችን የእናንተ ደጋፊዎች ናቸው። እዚህ ተወልደው እዚህ ያደጉ ናቸው። ቀይ ማልያ ይለብሳሉ፣ ትምህርት ቤት ስለ ጨዋታው ያወራሉ። ወላጆች ደግሞ እግር ኳስና ሩጫ ነው የምናውቀው። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲኖር አባትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ አባት ከልጁ የበለጠ ያውቃል፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሆኪ ሲሆን ግን ልጁ ብቻውን ክፍሉ ገብቶ ያያል። እናት «ይሄ መጋጨት ምንድን ነው?» ብላ ታልፋለች። አያት ምሽቱን ሙሉ ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ቤት ውለው የሚያወሩት የላቸውም። ጨዋታዎቻችሁን በቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ጆ ቤኒናቲና ክሬግ ላፍሊን ሥራቸውን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ፓኩ ከሚሮጥበት ፍጥነት እኩል የሚወረወር እንግሊዝኛ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ለመጣ ሰው፣ በሁለተኛ ቋንቋ ለመከተል ከባድ ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በመጪው የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ በአማርኛ ይተላለፍ። ምስሉ ያው ነው። የሚለወጠው ድምፁ ብቻ ነው። ቡድኑም የእናንተ ነው፣ ቴሌቪዥኑም የእናንተ ነው። ባለቤቱ ቴድ ሌዮንሲስ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር አድርገዋቸዋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ሌላ ቢሮ ማንኳኳት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም የሚል ካለ፣ ካናዳን ይመልከት። እዚያ የቅዳሜ ምሽቱ የሆኪ ሥርጭት ከ2008 ጀምሮ በፑንጃቢ ይተላለፋል። ድምፁ ሃርናራያን ሲንግ ነው፤ ከሕንድ የሄዱ ስደተኞች ልጅ፣ አልበርታ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ያደገ። መጀመሪያ ላይ ካልጋሪ እየኖረ ለሥርጭቱ ወደ ቶሮንቶ ይመላለስ ነበር። በ2016 የሊጉ ዋንጫ፣ የስታንሊ ካፕ፣ ፍጻሜ የፒትስበርጉ ኒክ ቦኒኖ ሲያገባ ሲንግ ስሙን እየደጋገመ ሲጮህ የተቀረጸው ድምፅ ፑንጃቢ የማያውቀውን ዓለም ሁሉ አዳረሰ። ፒትስበርግ ዋንጫውን ሲያከብር የፑንጃቢ አስተላላፊዎቹን ጠርቶ ከሕዝቡ ፊት አቆማቸው። ያው ቦኒኖ በዚያው ዓመት እኛን በስድስተኛው ጨዋታ በኦቨርታይም ያሰናበተን ሰው ነው፤ ስሙን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ሥራው ግን ሥራ ነው። ሊጉ ራሱ በ2024 የስታንሊ ካፕ ፍጻሜን በምልክት ቋንቋ አስተላልፏል። በሩ የተከፈተ ነው።

ለምን አማርኛ የሚል ጥያቄም ይነሳ ይሆናል። ዲሲና አካባቢው በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ነው። የዲሲ መንግሥት በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣ ወዲህ ዋና ዋና ሰነዶቹን ከሚያስተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሜዳችሁ ያለበት ቻይናታውን የታክሲ ሹፌሮቻችን ለዓመታት የቆሙበት ሰፈር ነው። እኔም ሆኪን የለመድኩት እዚያ ነው። ከጨዋታ የሚወጡ ተሳፋሪዎች «አየህ?» ይሉኝ ስለነበር፣ ምን እንደምመልስላቸው እንዳውቅ ብዬ የጆን ዋልተንን የሬዲዮ ሥርጭት መስማት ጀመርኩ። ቀስ እያለ ገባኝ። አንዴ ከገባ ደግሞ አይለቅም።

በ2023 መጨረሻ ወደ አሌክሳንድሪያ ልትሄዱ ነው ሲባል ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር። በማርች 2024 ከተማው 515 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ እስከ 2050 እንድትቆዩ ተስማማችሁ። ቆማችሁ በመቅረታችሁ ደስ ብሎናል። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ በዚህ ከተማ የሚኖር ወገናችን የከፈለው ግብርም አለበት። ይህን የምለው ዕዳ ልቆጥርባችሁ አይደለም። እስከ 2050 አብረን የምንኖር ጎረቤቶች ከሆንን ግን በቋንቋችን አንድ ምሽት ብታናግሩን ምን ይመስላችኋል?

ቀኑንም አስቤበታለሁ። ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ነው። በሜዳችሁ ከምታደርጓቸው ጨዋታዎች ለዚያ ቀን የሚቀርበውን ምረጡ።

ይህን የምለው በዓል ስለሆነ ብቻ አይደለም። አገር ቤት በገና የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ ስሙም ገና ነው። ሁለት ጎራ ተከፍሎ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን መስደድ ነው። ሜዳው ሣር ነው፣ በረዶ የለም። ግን ዱላው አለ፣ ግፊያው አለ፣ ሩሯን ለማስጣል ትከሻ ለትከሻ መጋጨቱ አለ። እረኛውም ባለርስቱም አብሮ ስለሚጫወት፣ ጌታው ቢመታ እንኳ መቆጣት የለም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ሆኪን ለአያቶቻችን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ቶም ዊልሰን አንዱን ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቀው ኮሜንታተሩ ይህችን አባባል ቢያስገባ፣ ሶፋ ላይ ያሉት አያት ያን ጊዜ ጨዋታው ይገባቸዋል። ልጁም አያቱ ወጣት ሳሉ ምን ይጫወቱ እንደነበር ይጠይቃል።

ሕጎቹም ቢሆኑ በአማርኛ ሲነገሩ ቀላል ናቸው። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ በአንድ ሰው ጎደሎ ይከላከላሉ። ኦቪ 895ኛዋን ያገባው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ከሜዳው አጋማሽ ሳያልፍ ፓኩን ማንም ሳይነካው እስከ ባላጋራ ጎል መስመር ድረስ ያሻገረ፣ ጨዋታው ቆሞ ወደ ራሱ በር አጠገብ ይመለስበታል። ፓኩ ሳይገባ ሰማያዊውን መስመር ቀድሞ የገባ አጥቂ ኦፍሳይድ ነው፤ ኦፍሳይድን ደግሞ እግር ኳስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ተጫዋቾች በየአርባና ሃምሳ ሰኮንዱ የሚቀያየሩት ስለሚደክማቸው ነው፤ ያን ያህል ፈጣን ሩጫ ነው። ይኸው ነው። ዋናው ነገር በአንድ አንቀጽ አለቀ።

ድምፁን ከየት እናመጣለን አትበሉ። የእኛ ሰው የጨዋታ ወሬ በሬዲዮ ሰምቶ ያደገ ነው። ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ ከዚምባብዌ ጋር ተጫውታ በፍጹም ቅጣት ምት ስትወስድ፣ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰማ ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል። በዚህ ከተማ በአማርኛ የሚተላለፉ ሬዲዮዎች አሉ፣ አገር ቤት የስፖርት ጋዜጠኛ የነበሩ ሰዎችም አሉ። ሁለት ሰው በቂ ነው። አንዱ ጨዋታውን ያስተላልፍ፣ አንዱ እዚህ ያደገና ሆኪን በሚገባ የሚያውቅ ወጣት ሆኖ ያብራራ። ከጨዋታው በፊት ጥቂት ሳምንት አሮጌ ጨዋታዎችን እያስለመዳችሁ ብታሠለጥኗቸው፣ ሌላው በእነሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ግልባጩን የላክሁላችሁ ለእናንተም ጥቂት ቃል ስላለኝ ነው።

«ይሄ የነጭ ጨዋታ ነው» የምትሉ አላችሁ። ካፒታልስ በመጀመሪያው ዓመቱ ማይክ ማርሰን የሚባል ጥቁር ወጣት አሰልፎ ነበር፤ በሊጉ ታሪክ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ቢል ራይሊም የዚሁ ቡድን ተጫዋች ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 ቺካጎ ላይ ጥቂት ተመልካቾች ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊን «ቅርጫት ኳስ» እያሉ ጮኹበት፤ ቆዳው ጥቁር ስለሆነ ቦታህ እዚህ አይደለም ማለታቸው ነበር። ከሜዳው ተባረሩ። በዚያው ዓመት ጁን 7 ቀን ላስ ቬጋስ ላይ ቡድኑ 3 ለ 2 እየተመራ ሳለ፣ ወደፊት እየወደቀ መትቶ አቻ ያደረገን ይኸው ስሚዝ ፔሊ ነው። ላርስ ኤለር አራተኛዋን ጨመረና የቡድኑ የመጀመሪያ ዋንጫ መጣ። ቦታው የት እንደሆነ ያን ምሽት መለሰላቸው።

ልጆቻችሁ መጫወት ከፈለጉም መንገድ አለ። ደቡብ ምሥራቅ ዲሲ ውስጥ ፎርት ዱፖንት የሚባል የበረዶ ሜዳ አለ። ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ እዚያ ለአሥርተ ዓመታት የሰፈር ልጆችን ሆኪ ሲያስተምሩ ኖረው በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። አርሊንግተን ለምትኖሩ ደግሞ ካፒታልስ ልምምድ የሚሠራው ባልስተን፣ ከገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ነው። ልምምዱ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቀን ገብቶ ማየት በነፃ ነው። የዕቃው ዋጋ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ማየት ግን አያስከፍልም። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና «አስረዳኝ» በሉት።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች። ይህን ጉዳይ ወደ በጎ አድራጎት ክፍል እንዳትመሩት እለምናለሁ። ስጦታ አልጠየቅንም፤ ተመልካች ይዘን ነው የመጣነው። ዘንድሮ ያሳያችሁን ዓይነት የውድድር ዘመን ሁልጊዜ አይመጣም። ኦቪም ለዘላለም አይጫወትም። እሱ ገና በሜዳ ላይ ሳለ፣ አንድ ምሽት እንኳ፣ ሲያገባ ስሙ በአማርኛ ሲጠራ ልጆቻችን ከወላጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ይስሙ።

የጨዋታው ሠንጠረዥ በሐምሌ እንደሚወጣ እንጠብቃለን። ማስታወቂያውን የሚያዘጋጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ለመስጊዱም፣ ለምግብ ቤቱም ለታክሲ ሹፌሩም የሚያዳርስ ሰው ከእኛ በኩል አይጠፋም። ቀኑን ብቻ ቁረጡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የቡድናችሁ ደጋፊ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ